ቀኑን ሙሉ ያጉረመረመው ሞተር

ልጄን ላርስ አሜሪካ ሄጄ ከተመለስኩ ወዲህ ስለ ብርዱ የማይጠይቀኝ ጎረቤት የለም። «እንዴት ቻልሽው?» ይሉኛል። ብርዱንስ ቻልኩት። ቤቱ ይሞቃል፤ ካፖርቱም፣ ጓንቱም፣ ጫማውም ተገዝቶ ነው የጠበቀኝ። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን ሙሉ በጆሮዬ የሰማሁትን ድምፅ «ምን ላስቸግራቸው» ብዬ ዝም ማለቴ ነው። ዘንድሮም ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሻንጣ የምታሰናዱ እናቶችና አባቶች እንዳላችሁ ስለማውቅ፣ ነገሩን ከነዝርዝሩ ላጫውታችሁ።

ልጄና ባሏ የሚኖሩት ሚኒሶታ፣ ከሴንት ፖል ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ሰፈር ነው። ቤታቸው እንደ ብዙዎቹ የዚያ አገር ቤቶች ከመሬት በታች አንድ ሙሉ ወለል አለው፤ ቤዝመንት ይሉታል። ለእኔ አልጋ የተዘረጋልኝ እዚያ ነበር። ከአልጋዬ ማዶ የልጄ የእንጀራ ምጣድ አለ፤ ሽታው ሳሎን እንዳይገባ ብላ ነው ወደ ታች ያወረደችው። ከምጣዱ ባሻገር፣ ግድግዳው ጥግ ላይ፣ የፕላስቲክ ክዳን የተደፋበት ጉድጓድ አለ።

በመጀመሪያው ሌሊት ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ «እምምም» የሚል ድምፅ ተነሣ። ቀጥሎ ውሃ በቱቦ ሽቅብ ሲምዘገዘግ ተሰማኝ። ከዚያ «ዷ!» አለና ጸጥ። ከአልጋዬ ተነሥቼ ቁጭ አልኩ። ጠዋት ለአማቼ ብነግረው ሳቀ። «እማዬ፣ አይደንግጡ፤ ፓምፑ ነው» አለኝና ክዳኑን ከፍቶ አሳየኝ።

ጉድጓዱ ከባልዲ ብዙም አይበልጥም። ቤቱ ሲሠራ ከመሠረቱ ዙሪያ ቀዳዳ ያላቸው ቱቦዎች ይቀበራሉ፤ የከርሰ ምድር ውሃው በእነሱ አድርጎ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል። ፓምፑ ታች ተቀምጧል። በሮቶ ውስጥ እንዳለው ተንሳፋፊ ኳስ ያለ ነገር አለው፤ ውሃው ሲሞላ ኳሱ ከፍ ይልና ሞተሩን ያስነሣዋል፣ ውሃው ሲጎድል ዝቅ ይልና ያጠፋዋል። ውሃው በቱቦ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ግድግዳውን አልፎ፣ ደጅ ይደፋል። ያቺ «ዷ» የምትለው ደግሞ ቱቦው ላይ ያለችው ቫልቭ ናት። የወጣው ውሃ ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ እንዳይወርድ በሯን ስትዘጋ የምታሰማው ድምፅ ነው። ከዚያ በኋላ ድምፁን ለመድኩት። እንደ ግድግዳ ሰዓት ሆነልኝ።

«በክረምት ነው የሚያስቸግረው» አለኝ አማቼ። እኔ ሐምሌና ነሐሴን መስሎኝ «ታዲያ እኔ እስከዚያ እመለሳለሁ» አልኩት። ክረምት የሚለው ለካ ታኅሣሥና ጥርን ኖሯል። በእኛ ቋንቋ ክረምት ዝናብ ነው፤ እነሱ ዘንድ ሰማዩ ደርቆ ምድሩ ድንጋይ የሚሆንበት ወራት ነው። በዚያው በሚኒሶታ፣ ታወር በምትባል ከተማ፣ በፈረንጆቹ የካቲት 2 ቀን 1996 ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተመዝግቧል። እኔ የነበርኩበት ወቅት እንደዚያ አይሁን እንጂ ከዜሮ በታች 25 ያየሁባቸው ሌሊቶች ነበሩ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ምድሩ በረዶ ከሆነ ውሃው ከየት ይመጣል? እኔም ጠይቄ ነበር። የላዩ አፈር አንድ ሜትርና ከዚያም በላይ ወደ ታች ቢደርቅም ከዚያ በታች ያለው ውሃ አይረጋም፤ ቀስ እያለ ይፈስሳል። ደግሞም ብርዱ መሐል ላይ ሁለትና ሦስት ቀን ይላላል። ያን ጊዜ ከጣሪያውና ከግቢው በረዶው ቀልጦ ወደ ቤቱ መሠረት ይወርዳል። ቀን ይቀልጣል፣ ሌሊት ተመልሶ ይደርቃል። ለፓምፕ ቱቦ ከዚያ የከፋ ወቅት የለም ይላሉ።

የእኛም ነገር የሆነው እንደዚሁ ነው። የካቲት አጋማሽ ነበር። ከሳምንታት ብርድ በኋላ ፀሐይ ወጣች፤ ከጣሪያው ጫፍ ውሃ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ልጄ ሕፃኑን ይዛ ላይ ቤት ናት፤ አማቼ የሁለት ፈረቃ ሥራ ላይ ነው። እኔ ታች ሊጥ አቡክቼ ስመለስ ሞተሩ ተነሣ። «እምምም» አለ። ግን ውሃው ሲምዘገዘግ አልሰማሁም፤ «ዷ» የምትለውንም አልሰማሁም። ዝም ብሎ ያጉረመርማል። ጥቂት ቆይቶ ጸጥ ይላል፤ እንደገና ይነሣል። ሞተሩ ሲግል ራሱን እያጠፋ፣ ሲበርድ እየተነሣ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን «ዛሬ ውሃው ብዙ ነው፤ ጎበዝ፣ እየሠራ ነው» አልኩ በልቤ።

ሙሉ በሙሉ አላመንኩም ነበር፤ እውነቱን ልንገራችሁ። ሁለት ጊዜ ደረጃው ሥር ደርሼ ተመልሻለሁ። ልጄ ሌሊቱን ሕፃን ስታባብል አድራ ገና ጋደም ማለቷ ነው። አማቼ ሥራ ቦታ ስልክ ሲደወልለት ይደነግጣል። «አሮጊቷ ደግሞ ስለ ማሽን ምን አውቃ» ይሉኛል ብዬም ፈራሁ። ወላጅ ልጁ ቤት ሲሄድ እንግዳ ይሆናል፤ እንግዳ ደግሞ አይናገርም። ይህን ስሜት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ማታ አማቼ ደክሞት ገባ፣ በላ፣ ተኛ። እኔም ተኛሁ። ሞተሩ መጨረሻ ላይ ዝም ብሎ ነበር።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እግሬን ከአልጋ ሳወርድ ውሃ ውስጥ ገባ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስምርበት፤ ያን ሌሊት የሠራሁት ትልቁ ስሕተት ዝምታዬ እንኳ አልነበረም። በጨለማ፣ በባዶ እግሬ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ውሃ ውስጥ ሆኜ ሻንጣዬን ለማንሣት መሄዴ ነው። ወለሉ ላይ የኤሌክትሪክ ማሞቂያዬ የተሰካበት ማከፋፈያ ገመድ ተዘርግቶ ነበር። አማቼ ድምፄን ሰምቶ ሲወርድ «እማዬ! አልጋው ላይ ይውጡ! ምንም እንዳይነኩ!» ብሎ ጮኸ። እንደዚያ ጮኾብኝ አያውቅም። ሮጦ ጋራዥ ካለው ሳጥን የቤዝመንቱን ብሬከር አጠፋ፤ ከዚያ በኋላ ነው እጄን ይዞ ያወጣኝ። በብዙ ቤቶች የብሬከሩ ሳጥን እዚያው ቤዝመንት ውስጥ ነው። እንደዚያ ከሆነ ውሃውን ረግጦ ሳጥኑ ጋ መሄድ የለም፤ ወደ ላይ ወጥቶ ለመብራት ድርጅቱ ወይም ለአደጋ ጊዜ ስልክ መደወል ነው። ሻንጣ ይረጥብ።

ረጠበም። ከአዲስ አበባ የወሰድኩት በርበሬና ሽሮ፣ የሕፃኑ ካርቶን ሙሉ ልብስ፣ ጋቢዬ። የባለቤቴን፣ የልጄን አባት ማለቴ ነው፣ ፎቶግራፎች በጋዜጣ መካከል አድርገን አደረቅናቸው፤ ሁለቱ አልተረፉም።

ጠዋት አማቼ አንድ የሀገራችንን ልጅ ጠራ። የቧንቧ ሥራ ፈቃድ ያለው፣ የጎጃም ሰው ነው፤ ብዙ አያወራም። የመጀመሪያ ጥያቄው «ፓምፑ የት ነው?» አልነበረም። «ውሃው ደጅ የሚደፋው የት ነው?» አለ። አካፋ ይዞ ወጣና ከግድግዳው ሥር በረዶውን ሲጠርግ አንድ ጥቁር፣ እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ የፕላስቲክ ጎማ ወጣ። አማቼ በበጋቸው ውሃው ከቤቱ ራቅ ብሎ እንዲደፋ ብሎ የቀጠለው ነው። እዚያው ተረስቷል፤ ሁለት ወር በላዩ በረዶ ሲወርድበት ከርሟል። ሰውዬው አንሥቶ በአካፋው መታው። እንደ ብረት ጮኸ። ውስጡ ከዳር እስከ ዳር በረዶ ነው።

ማንቆርቆሪያ ሙሉ ሙቅ ውሃ ጠየቀኝና ጎማው ከግድግዳው ቱቦ ጋር የተያያዘበት ላይ አፈሰሰ። ማሰሪያውን በመፍቻ ፈታ፤ ጎማውን ጎትቶ አላቀቀው። ከዚያ አማቼ የፓምፑን ገመድ ከደረቅ ቦታ፣ ከላይ ቤት ሶኬት፣ ሰካው። ሞተሩ እንደ ዕድል አልተቃጠለም ነበር። ውሃው ከግድግዳው ሥር ፏ ብሎ ወጣ። ሁሉም ነገር አምስት ደቂቃ አልፈጀም። እኔ በመስኮት ቆሜ አየሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ደረጃውን ወጥቼ «ሞተሩ ድምፁ ተለውጧል» ብል ኖሮ ያው አምስት ደቂቃ ነበር።

ቡና አፍልቼ ሰውዬውን አስቀመጥኩትና ጠየቅሁት። የነገረኝን እንደገባኝ ልጻፍላችሁ፤ ሥራውን የሚያውቁ ዘመዶች ካሏችሁ አስነብቧቸው።

ከጉድጓዱ የሚወጣው ውሃ ከመሬት ውስጥ ስለሚመጣ በዜሮ ላይ አይደለም፤ ሰባት ስምንት ዲግሪ ያህል ሙቀት አለው። እየሮጠ ካለፈ ለመርጋት ጊዜ አያገኝም። የሚረጋው የቆመው ውሃ ነው። የተሸበሸበ ጎማ በየሽብሽቡ ትንሽ ትንሽ ውሃ ያስቀራል። ሣር ላይ ሲጋደም ደግሞ እንደ መሬቱ አቀማመጥ ሆዱ ይረግባል፤ እዚያም ውሃ ይቆማል። ፓምፑ በብርዱ ወቅት አልፎ አልፎ ነው የሚነሣው፤ በተነሣ ቁጥር ጥቂት ውሃ ይሰጣል፣ ከእሱም ጥቂቱ ይቀራል፣ የቀረው ይረጋል። በላዩ ሌላ ይረጋል። ሻማ እንደሚሠራ ሰው ንብርብሩ እያደገ ቀዳዳውን ይዘጋዋል። ማንም አያየውም።

ይህን ሲነግረኝ እናቴ ትዝ አለችኝ። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲሆን እናቴ ማታ ማታ ደጅ ያለውን ሳፋ ትደፋው ነበር። ውሃ ያለበት ሳፋ ጠዋት ላዩ ስስ በረዶ ይዞ ይገኛል፤ የተደፋው ግን ደረቅ ነው። ለሰውዬው ብነግረው «በቃ እማማ፣ ሥራው እሱ ነው፤ ቱቦው ራሱን እንዲደፋ ማድረግ» አለኝ።

እናም ያደረገው ይህን ነው። ጥቁሩን ጎማ ጨርሶ ጣለው። በምትኩ ውስጡ ልሙጥ የሆነ ጠንካራ የፒቪሲ ቱቦ ዘረጋ፤ እሱንም ልክ እንደ አሸንዳ ከግድግዳው እስከ መጨረሻው ያለ አንድ ርግብግቢት አዘቅዝቆ። በአንድ ሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት አለ። በሥሩ ድጋፍ አስገባ፤ ድጋፍ ከሌለው ቱቦው በራሱ ክብደት ይረግባል፣ የረገበበት ደግሞ ውሃ ያቆማል። የደጁን ቱቦ ከውስጠኛው ወፍራም አደረገው። ከጉድጓዱ የሚወጣው የአንድ ተኩል ኢንች ነበር፤ የደጁ ሦስት ኢንች ሆነ። ወፍራም ቱቦ ጠርዙ ላይ በረዶ ቢይዝ እንኳ መሐሉ ቶሎ አይዘጋም። መጨረሻውን ደግሞ ከመሬት ከፍ አድርጎ ተወው፤ መሬት ላይ የተጋደመ አፍ በመጀመሪያው ከባድ በረዶ ይቀበራል።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ከግድግዳው ወጣ እንዳለ ያስገባትን ትንሽ ዕቃ ነው። ጎኗ ላይ እንደ ወንፊት ክፍት ክፍት ነገር አላት። ደህና ቀን ውሃው ዝም ብሎ በውስጧ አልፎ ይሄዳል። ወደፊት ያለው ቱቦ ከተዘጋ ግን ውሃው በክፍተቶቿ አድርጎ እዚያው ደጅ ይፈስሳል፤ ወደ ቤት አይመለስም፣ ሞተሩም ከበረዶ ጋር አይታገልም። በዕቃ መደብሮች ተዘጋጅታ ትሸጣለች። አንዳንዱ ደግሞ ትንሹን ቱቦ ወፍራሙ ውስጥ በዙሪያው ክፍተት ትቶ ያስገባዋል፤ የሚሠራው ያንኑ ነው። ታዲያ ውሃው ከመሠረቱ አጠገብ መፍሰሱ ጥሩ አይደለም፤ ጥቂቱ ዞሮ ጉድጓዱ ውስጥ መመለሱ አይቀርም። በደህናው ጊዜ ቢያንስ ሦስት ሜትር ርቆ ቢደፋ ነው የሚሻለው። ግን የተዘጋ ቱቦ ባለበት ሌሊት ደጅ የፈሰሰ ውሃ ወለል ላይ ከፈሰሰ ውሃ ይሻላል። መሬቱ ራሱ ከቤቱ ወደ ውጭ ካዘቀዘቀ ደግሞ ብዙው ይሄዳል።

አማቼ «በሙቀት መጠበቂያ ስፖንጅ ብንጠቀልለውስ?» አለ። ሰውዬው ፊቱን አጨማደደ። መጠቅለያ ሙቀት አይሠራም፤ ያለውን ብቻ ነው የሚያቆየው። ለሰዓታት ያዘገያል እንጂ ሦስት ቀን ከዜሮ በታች 20 ሲሆን የቆመውን ውሃ አያድነውም። መጠቅለያ ከማሞቂያ ሽቦ ጋር ሲሆን ሌላ ነገር ነው። ቱቦ ላይ የሚታሰር፣ ብርዱ ሲመጣ ራሱ የሚሞቅ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ። ለደጅና ለፕላስቲክ ቱቦ የተፈቀደ መሆን አለበት፤ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ራሱን የሚያጠፋ ሶኬት ላይ ይሰካል፤ ብዙዎቹ ዓይነቶች እርስ በርስ ከተደራረቡ ይቃጠላሉ፣ ስለዚህ ወረቀቱን አንብቦ ነው። ቱቦው በደንብ ካዘቀዘቀ ግን ላያስፈልግ ይችላል። ቱቦውን መቅበርም አለ። በሴንት ፖል አካባቢ ግን ቅዝቃዜው የማይደርስበት ለመድረስ 42 ኢንች፣ ከአንድ ሜትር በላይ መሆኑ ነው፣ መቆፈር ይጠይቃል። አንድ ጫማ ቆፍሮ ቀበርኩ የሚል ሰው በረዶውን ከዓይኑ ነው የደበቀው።

አንዳንዱ ሰው ሲጨንቀው ቱቦውን ከቤቱ የፍሳሽ መስመር ጋር ያገናኘዋል አሉ። በብዙ ከተሞች የተከለከለ ነው፤ የቆሻሻ መስመሩን ያጨናንቃል። ማዘጋጃ ቤቱን ሳይጠይቁ መሞከር አያዋጣም። ውሃውን የእግረኛ መንገድ ላይ ወይም ወደ ጎረቤት በኩል መድፋትም እንደዚሁ ነው፤ ጠዋት መስታወት ይሆንና ሰው ይሰብራል።

ቱቦው ከተዘጋ በኋላስ? መጀመሪያ የፓምፑን ገመድ መንቀል ነው፤ እጅ ደረቅ፣ መቆሚያም ደረቅ ሆኖ። ያለዚያ ሞተሩ በከንቱ ሲታገል ይቃጠላል። ከዚያ የደጁን መቀጠያ ከግድግዳው ጋ ማላቀቅ፤ አብዛኛው ጊዜ በረዶው ያለው እዚያ ነው። ቱቦው ራሱ ከሆነ የያዘው በሙቅ ውሃ በራሰ ጨርቅ ወይም በፀጉር ማድረቂያ፣ ከአፉ ጀምሮ ወደ ቤቱ እያሉ ማሟሟቅ ነው። እሳት የሚተፋ ነገር ፈጽሞ አይጠጋም፤ ፕላስቲኩም ግድግዳውም ይቃጠላል። መጨረሻ ላይ ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ባልዲ ውሃ ጨምሮ፣ አንድ ሰው ታች አንድ ሰው ደጅ ቆሞ ማየት። ይህን የባልዲ ሙከራ ብርዱ ሳይገባ፣ በእኛ ጥቅምት ላይ፣ አንድ ጊዜ ማድረግ ነው ዋናው።

ባትሪ ያለው ተጠባባቂ ፓምፕ የገዙ ሰዎች «እኛ ደህና ነን» ይላሉ። ተጠባባቂው መብራት ሲጠፋ ነው የሚያድነው። ሁለቱም ፓምፖች በአንድ ቱቦ የሚወጡ ከሆነ በረዶ ለሁለቱም በረዶ ነው። ከዚያ ይልቅ ብዙም የማያስወጣ፣ ውሃ ሲነካው የሚጮኽ በባትሪ የሚሠራ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ወለሉ ላይ ማስቀመጥ ነው። ባልና ሚስት ቀኑን ሙሉ ሥራ ለሚውሉበት ቤት ጥሩ ነው።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ ባጭሩ። አማቼ የቤቱን ኢንሹራንስ ሲጠይቅ «ይህ በውሉ ውስጥ የለም» አሉት። በዚያ አገር መደበኛው የቤት ኢንሹራንስ የፓምፕ ጉድጓድ ሞልቶ የሚያደርሰውን ጉዳት አይከፍልም፤ ለብቻው የሚጨመር ሽፋን አለ፣ እሱን አስቀድሞ መግዛት ያስፈልጋል። እነሱ አልገዙም ነበር። ምንጣፉን ከነሥሩ አንሥተን ጣልን። ሕፃን ቤት ውስጥ ስላለ ልጄን ያስጨነቃት ሻጋታው ነው። የራሰ ነገር በ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ይጀምረዋል ስለሚባል፣ ማራገቢያና እርጥበት መምጠጫ ማሽን ተከራይተው ሁለት ቀን ሌት ተቀን አስነሡት። በዚያ ሁለት ቀን እኔ ሳሎን ሶፋ ላይ ነበርኩ። ማንም አንድ ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ልጄ ብቻ ማታ ሕፃኑን እያጠባች «እማዬ፣ ሰምተሽ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«ሰምቻለሁ» አልኳት።

ዝም አለች። ቆይታ «ቀስቅሺኝ» አለች። «ሁልጊዜ። ለምንም ነገር።»

ስለዚህ በዚህ ዓመት የምትሄዱ ወዳጆቼ፣ ልጆቻችሁ ቤዝመንት ውስጥ አልጋ ካነጠፉላችሁ በመጀመሪያው ቀን ጉድጓዱን ክፈቱና አሳዩን በሏቸው። ሁሉም ቤት የለውም፤ ካለ ግን ቀኑን ሙሉ ቤት የምትውሉት እናንተ ናችሁ፣ ድምፁንም ከእነሱ ይልቅ የምታውቁት እናንተ ትሆናላችሁ። ያጉረመርማል፣ ውሃው ይምዘገዘጋል፣ «ዷ» ይላል፣ ያበቃል። ውሃው ሳይሰማ ማጉረምረሙ ብቻ ከቀጠለ ወይም በረዶ እየቀለጠ ባለበት ቀን ጨርሶ ጸጥ ካለ ደረጃውን ውጡ። ደጅ ወጥታችሁ የቱቦውን አፍ አይቶ መመለስም ያሟሙቃል፤ ከአፉ ላይ እንደ ጥርስ የተንጠለጠለ በረዶ ካያችሁ ቀስ ብላችሁ ስበሩት፣ ግን የሚያዳልጥ ከሆነ ለጎልማሶቹ ተዉላቸው። የጣሪያው አሸንዳ የሚያወርደው ውሃም መሠረቱ ሥር የሚደፋ ከሆነ ንገሯቸው፤ ሁለት ሜትር ያህል መቀጠያ ቢጨመርለት ወደ ጉድጓዱ የሚመጣው ውሃ ራሱ ይቀንሳል። ሻንጣችሁንም ወለል ላይ አታስቀምጡ።

እዚህ ላላችሁትም ሥራ አለ። ልጃችሁ ስትደውል «ብርዱ እንዴት ነው?» ከማለት «የፓምፑ ጎማ ተነቅሏል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ትስቃለች። ግን ሄዳ ታያለች።

እኔ ባለፈው እሑድ ደውዬ ነበር። አማቼ ስልኩን ይዞ ደጅ ወጣና አዲሱን ቱቦ በቪዲዮ አሳየኝ፤ በረዶው ጉልበቱ ድረስ ነው፣ የቱቦው አፍ ግን ከላይ ነው፣ ዙሪያው ተጠርጓል። ከዚያ ወደ ታች ወረደ። የልጅ ልጄ አሁን ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፤ ጉድጓዱ አጠገብ ቆሞ ክዳኑን በጣቱ እየጠቆመ «እምምም» አለኝ። ቀጥሎ ምን እንደሚል ለመስማት ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት። ትንሽ ቆየና፣ በሁለት እጁ አጨብጭቦ፣ «ዷ!» አለ።